አሥራ አራት ቁጥር ከውሃ በታች

ላቮን ስትሩብ አሥራ አራት ቁጥርን፣ ያንን ቢጫ የተማሪዎች አውቶቡስ፣ ከጉብዝናዋ ጀምሮ ፀጉሯ ገብስማ እስኪሆን ድረስ ነድታዋለች። አውቶቡሱ አርጅቶ ከሥራ ሲወጣ አዲስ ተሰጣትና ጡረታዋ እስኪደርስ ጥቂት ዓመት ነዳች፤ ልቧ ግን ከአዲሱ ጋር አልገጠመም። የአዲሱ በር ሲከፈት አይጮህም። በሩ የማይጮህ አውቶቡስ ማን ገባ ማን ወጣ አይታወቅበትም፣ ትል ነበር።

አሥራ አራት ቁጥር ግን ለቁራሌ አልተሸጠም። ከከተማው ወጣ ብሎ ድሮ የኖራ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ሰፊ የድንጋይ ካባ አለ። ፈላጮቹ ጥለውት ሲሄዱ የምንጭ ውሃ ሞላውና ሐይቅ ሆነ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ካባው ነው። ኦሃዮ ባሕር የላትም። መጥለቅ የሚወድ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ሲሆን አየር የተሞላ ሲሊንደሩን በጀርባው አዝሎ ወደ ካባው ይመጣል። ጠላቂ ደግሞ ባዶ ውሃ አይወድም፤ ወርዶ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የካባው ባለቤትና ጠላቂዎቹ ያገኙትን ሁሉ ያሰጥማሉ። የገላ መታጠቢያ ገንዳ አሰጥመዋል፤ ክንፏ የተሰበረ ትንሽ አውሮፕላን አሰጥመዋል፤ ከስሮ የተዘጋ የፀጉር ቤት ወንበሮች እንኳ እዚያ ታች ተደርድረው ደንበኛ ይጠብቃሉ። አሥራ አራት ቁጥርም ሞተሩ ወጥቶ፣ ዘይቱ ታጥቦ፣ የመስኮቶቹ መስታወትና በሮቹ ተነቅለው ወደዚያው ሄደ።

የሰመጠ ቀን ጠላቂዎቹ አጨበጨቡ። ላቮን ዳር ቆማ ስታይ ቆየችና ቢጫው ጣሪያ ውሃ ሲነካ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ተጎታች ቤቷ ገብታ ድንች መላጥ ጀመረች። ለሰላጣ ከሚያስፈልገው በላይ ላጠች። ባሏ መርል በዚያ ሰዓት ውሃ ውስጥ ነበር፤ የአውቶቡሱን ገመድ ይዘው ወደ ማረፊያው ከሚመሩት አንዱ እሱ ነው።

በካባው ሁለት ዓይነት ሕዝብ ይኖራል። በገደሉ በኩል ጠላቂዎቹ፣ በሣሩ በኩል ደግሞ ድንኳንና ተጎታች ቤት ይዘው በጋውን የሚያሳልፉት የካምፕ ሰዎች። ሁለቱ ወገኖች ሰላምታ አይነፋፈጉም፤ ግን አይዋደዱም። የካምፕ ሰዎቹ፣ ጠላቂዎቹ አሳ ያስበረግጋሉ፣ ጥቁር የጎማ ልብሳቸውን አጥር ላይ ሲሰቅሉት የተሰቀለ ሰው እየመሰለ ልጆቻችንን ያባንናል ይላሉ። ጠላቂዎቹ ደግሞ፣ እነዚያ ክርና መንጠቆ እየበጠሱ የሚተዉት እኛን ለመያዝ ነው ወይ ይላሉ። በላቮን ቤት ሁለቱም ወገን በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው። መርል ጠላቂ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አየር መሙያው ጎጆ ውስጥ ቆሞ የሰዉን ሲሊንደር ይሞላል። እሷ የካምፕ ሰው ናት። ውሃ የምትወደው ከዳር ሆና ነው፤ ፊቷን እንኳ ስትታጠብ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ነው። ተጎታች ቤታቸው የቆመችው ሁለቱ ሰፈሮች በሚገናኙበት ጥግ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር።

መርል ከውሃ ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ነገር ይዞ፣ ፎጣ ተከናንቦ የቲማቲም ሾርባውን እየማገ ያወራላታል። ሌላ ቦታ ዝምተኛ ነው፤ ከውሃ ሲወጣ ግን አፉ ይፈታል።

“አውቶቡስሽ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች። ውሃው ዛሬ እንደ መስታወት ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ወለል ብላ ትታያለች። ያ አምባዛ አሳ ደግሞ መሪውን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ ስለው፣ ሚስትህን ጠይቃት ብሎኝ እርፍ።”

“ቀበቶ አስሯል?”

“አላሰረም። ሆዱ አላስገባ ብሎት።”

እንዲህ ነው የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው ኢንዲያና ውስጥ ጎማ ይሸጣል፤ ለበዓል ይመጣል፣ ይሄዳል። የቀረው ጊዜ የሁለቱ ነው፤ የበጋው ደግሞ የካባው። ላቮንን በዚያ ኑሮ የሚያስቆጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሳህን ማጠቢያ ብሩሿ። በየበጋው ትገዛለች፣ በየበጋው ይጠፋል። አንዳንዴ ራኩን የሚባለው ሌባ አውሬ ወሰደው ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የምትጠረጥረው ጎረቤቷን ኦፓልን ነው። ኦፓል ካርታ ስትጫወት እንደምታጭበረብር የታወቀ ነው፤ ካርታ የሚያጭበረብር ሰው ብሩሽ ቢያይ ምን ያግደዋል። በአፍ አልተናገረቻትም። ሳህን አብረው ሲያጥቡ ግን የኦፓልን ብሩሽ አንስታ አገላብጣ ታየዋለች፤ ኦፓልም ይገባታል።

ባለፈው የፀደይ ወራት መርል ደረቱን ይዞ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጠ። ዳነ፤ ሐኪሙ ግን፣ መሄድ ትችላለህ፣ መሥራት ትችላለህ፣ መጥለቅ ግን ከእንግዲህ በቃህ አለው። ላቮን ዋናው መዳኑ ነው ብላ አመሰገነች። ያልጠበቀችው፣ መርል ወደ ካባው ጨርሶ መሄድ ማቆሙን ነበር። አየር እንኳ ሙላ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ሌላው ሲበላ አጥር ላይ ተቀምጬ የማይ ውሻ አይደለሁም አላት። ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ጠባይ ሲያይ ይውላል፤ የኦሃዮን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም አገር። ምሳ ስትለው ይበላል፤ ተኛ ስትለው ይተኛል። ወሬ ግን የለም። ላቮን ዝም ያለ መርል አታውቅም ነበርና ፈራች። ደረቱን ከያዘው ቀን ይልቅ ይኸኛው አስፈራት።

በነሐሴ ደግሞ ቆርጦ ነገራት። በጥቅምት፣ ካባው ለበረዶው ወራት በሚዘጋበት፣ የዱባው ቅዳሜ በሚሉት ቀን፣ ሄጄ የተከራየነውን ቦታ ቁልፍ ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤ ተጎታችዋንም እንሸጣለን፤ እስከዚያ ዕቃሽን ሰብስቢ አላት። እሷ እሺ አለችው። ያቺ ከዛፉ ሥር ያለች ቦታ ከሄደች ግን መርል ቴሌቪዥኑ ፊት ካለው ሶፋ ላይ እንደማይነሳ ልቧ ነግሯታል።

ዕቃ ልሰበስብ ብላ ብቻዋን ወደ ካባው መመላለስ የጀመረችው ያኔ ነው። አንድ ጠዋት መጋረጃ አውርዳ ደጃፍ ላይ ስታራግፍ፣ ጠላቂ የሚያሠለጥነው ኮልቢ ተማሪዎቹን ይዞ ሲወርድ አየች። ኮልቢ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው፤ አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ግን ጥርሱ ያልተተካ ሕፃን ነበር። ላቮን መጋረጃውን ሣር ላይ ጥላ ወደ እሱ ሄደች፤ አንድ ጠና ያለ ሰው መጥለቅ ለመማር ምን ምን ያስፈልገዋል ብላ ጠየቀችው።

“ለማን ነው፣ ሚስ ላቮን?”

“ለአንድ የማውቃት ሴት።”

“ዕድሜዋ ስንት ነው?”

“አንተን ከወንበር ሥር ጎትታ ለማውጣት ይበቃል።”

ኮልቢ አንገቱ ድረስ ቀላ። አንደኛ ክፍል ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወንበር ሥር ተኝቶ ቀርቶ ነበር። የተማሪ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው የመጨረሻውን ልጅ ካወረደ በኋላ ቁልፉን ነቅሎ አይወርድም። ተነስቶ እስከ ኋላ ይሄዳል፤ ወንበሩን አንድ በአንድ ከላይም ከሥርም ያያል፤ ከዚያ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ላቮን ይህን ሳታደርግ የወረደችበት ቀን የለም። ያን ቀን ኮልቢን ጃኬት መስሏት ነበር የጎተተችው። ውጭው በረዶ ነበር።

እንግዲህ ለምን እንደሆነ ለኮልቢ አልደበቀችውም። መርል ከእንግዲህ አይወርድም፤ እኔ ወርጄ ልንገረው፤ የሚሰማው ነገር ካለ ምናልባት ለመስማት ሲል እንኳ ይመጣል፤ እንዳትነግረው፣ ካልቻልኩ ማፈሩ ለእኔ ብቻ ይሁን አለችው። ኮልቢ የመጥለቂያ ልብስ በልኳ እንደሚፈልግላት፣ ግን መጀመሪያ ከሐኪሟ ፈቃድ እንድታመጣ ነገራት። ሐኪሟ ልቧንም ሳንባዋንም አዳምጦ፣ ጉልበትሽ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ የወጣት ነው አላት።

መተንፈሱ አልከበዳትም። የጎማ ልብሱን ማጥለቅ ነበር የመጀመሪያው ጣር፤ ኦፓል ከኋላ እየገፋች፣ ቋሊማ ሲሞላ እንዲህ ነው እያለች አለበሰቻት። የሚከብደው ሌላ ነበር። ጠላቂ የሚሆን ሰው፣ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነውን መነጽር ውሃ ውስጥ አውልቆ፣ መልሶ አጥልቆ፣ የገባበትን ውሃ በአፍንጫው እየተነፈሰ ማስወጣት አለበት። ያን ሳይችል ፈቃድ አያገኝም። ላቮን ባዶ ፊቷን ውሃ ሲነካው ዕድሜዋን ሁሉ ትረሳለች። ከጥልቁ ወዲህ፣ ሰው ቆሞ በሚደርስበት ቦታ፣ ለልምምድ የተሠራ የብረት ቆጥ ውሃ ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ተንበርክካ መነጽሩን ባነሳች ቁጥር እንደ ቡሽ ተስፈንጥራ ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን ወጣች። በሁለተኛውም ወጣች።

“የሚረብሽ ልጅ የት ነው የሚቀመጠው?” አላት ኮልቢ፣ ስታስል ጀርባዋን ይዞ።

“ከፊት። ከሾፌሩ ኋላ።”

“እንግዲያስ ይምጡና ከፊቴ ይቀመጡ። ስልዎት ብቻ ነው የሚነሱት።”

ተጎታችዋ ደጃፍ ላይ ደግሞ ሳፋ ውሃ ሞልታ፣ ሳህን የምታጥብ መስላ ፊቷን እየነከረች ትለማመዳለች። ኦፓል አጠገቧ ተቀምጣ ካርታ እየደረደረች ታበረታታታለች። ክሊት የሚባለው፣ ከሰሌን ባርኔጣውና ከአሳ ዘንጉ የማይለይ የካምፕ ሰው፣ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አያት።

“ምን ጠፍቶሽ ነው፣ ላቮን?”

“ነውሬ” አለችው ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ።

“እኔ አሳ የማጣው አነሰና አንቺም ልትጨመሪ ነው? አንድ መርል ሄደልኝ ብዬ ደስ ሳይለኝ።” ይህን ብሎ ጥቂት እንደሄደ ተመለሰ። “ለመሆኑ ሰውዬው እንዴት ነው? ሲሊንደር ሲሞላ የሚያፏጨው ፉጨት ጠፍቶ ካባው ወና ሆኗል።” መልሷን ሳይጠብቅ መንገዱን ቀጠለ።

መላውን ያገኘችው በራሷ መንገድ ነው። አንድ ቀን ቆጡ ላይ ተንበርክካ፣ መነጽሩን ልታነሳ ስትል፣ ድሮ ጭጋግ በሆነ ጠዋት የምታደርገውን አስታወሰች። መንገዱ አልታይ ሲላት የልጆቹን ስም በየፌርማታቸው ተራ በልቧ ትጠራ ነበር፤ ስማቸውን ከጠራች መታጠፊያውን እጇ ያውቀዋል። መነጽሩን አወለቀች። ቅዝቃዜው ፊቷን በጥፊ መታት። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ከወተት ቤቱ ፊት ሁለቱ የሃርትማን ልጆች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ያቺ ሁልጊዜ የግራና የቀኝ ጫማ የምታቀያይር ልጅ፤ ከድልድዩ ማዶ ኮልቢ። ድልድዩን ስትሻገር መነጽሩ ፊቷ ላይ ነበር፤ ከኮልቢ ቤት አልፋ ስትታጠፍ ውሃው ወጥቶ አለቀ። ዓይኗን ስትገልጥ ኮልቢ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ያጨበጭባል፤ ውሃ ውስጥ ግን ጭብጨባ አይሰማም።

የዱባው ቅዳሜ ደረሰ። በዚያ ቀን የካባው ጠላቂዎች ዱባና ቢላዋ ይዘው ይወርዳሉ፤ ውሃ ውስጥ ሆነው ዱባው ላይ ዓይንና ጥርስ ይቀርጻሉ፤ ማን አሳመረ የሚለውን የሚፈርዱት ደግሞ የካምፕ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ጠረጴዛ የሚበሉት በዓመት ያን ቀን ብቻ ነው። ዱባ ግን መስመጥ አይወድም። ካመለጠ ሽቅብ ይወነጨፋል፤ ስለዚህ ገና ከጠዋቱ ውሃው ላይ ብርቱካናማ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ክሊት አንዱን በመንጠቆው ይዞ፣ ከበጋው ሁሉ ትልቁን ያዝኩ እያለ ሰው ሰበሰበ።

መርል ቁልፉን ይዞ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ነግሯታል። ላቮን የመጥለቅ ፈቃዷን ካገኘች ሳምንት አልሞላትም። እሷና ኮልቢ ከዳር ቆመው ተነጋገሩ። አውቶቡሱ በር ድረስ ይሄዳሉ፤ በሩ ተነቅሏልና የሾፌሩ ወንበር ከደጁ እጅ በእጅ ነው፤ ገብታ ትቀመጣለች፤ በዚያው በር ትወጣለች። ከዚያ ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር አታልፍም። እሺ አለችው።

ወረዱ። መጀመሪያ ውሃው ሻይ መሰለ፤ ከዚያ ሾርባ መሰለ፤ ከዚያ አረንጓዴ ጭለማ ሆነ። የኮልቢን መብራትና የራሷን እጅ እንጂ ሌላ የምታየው ጠፋ። ዛሬ ብቻ ይሆን እንዴ ብላ አሰበች። ኮልቢ ግን ቀደም ብሎ፣ ውሃው ዛሬ ጥሩ ነው፣ ከወትሮው ይሻላል ብሏት ነበር። ከወትሮው የተሻለው ይህ ከሆነ፣ መርል ከፊት እስከ ኋላ ወለል ብላ የምትታየውን አውቶቡስ ያየው የት ነው? አምባዛውን በዚህ ጭጋግ ማን አየው? ያን ሁሉ ቅዳሜ ሾርባዬን እየጠጣ ይዋሸኝ ኖሯል አለች በልቧ። ሳቋ መጣ፤ አፏ ላይ የነከሰችው የማስተንፈሻ ጎማ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው።

ከዚያ ግድግዳ የመሰለ ነገር መጣ። ቢጫነቱ አይታይም። የቡና አተላ የመሰለ ደለል ከላይ እስከ ታች ለብሶታል፤ ጣቷን ብትሰድ እስከ አንጓዋ ይውጣል። በሩን በእጇ ዳስሳ አወቀችው፤ የመጀመሪያዋ ደረጃ ጠርዝ የተጎመደ ነበር፤ እሱን እጇ አልረሳውም። ገባች። ኮልቢ መብራቱን ከኋላዋ ያዘላት።

ደረጃው ደለል ነው። ጣሪያው ደለል ነው። የመጀመሪያው የተማሪ ወንበር በደለል አብጦ የተኛ በግ መስሏል። የሾፌሩ ወንበር ግን ንጹሕ ነበር። መሪውም ንጹሕ ነበር፤ መብራቱ ሲነካው ጥቁሩ አብለጨለጨ። ስፖኪዮውም እንዲሁ። ላያቸው ላይ ያለችው፣ በአንድ በጋ የምትወርድ ስስ ብናኝ ብቻ ናት። ከእጅ ፍሬኑ ላይ ደግሞ በሲባጎ የታሰረ የሳህን ማጠቢያ ብሩሽ ተንጠልጥሏል። ፀጉሩ ረግፎ አልቋል። ሥሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ሌሎች ያረጁ ብሩሾች ተጋድመዋል፤ ሰማያዊውን አወቀችው፤ እጀታው የተቃጠለውንም አወቀችው።

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ላቮን ብሩሽ አወጣች። ባሏ አምባዛ ሊያይ ሳይሆን የእሷን ወንበር ሊያጥብ ነበር በየቅዳሜው የሚወርደው። ያላየውን ነገራት፤ የሠራውን ደበቃት። ተቀመጠች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። መነጽሯ ውስጥ የገባው ውሃ ከየት እንደመጣ አላጣራችም፤ እንደተማረችው በአፍንጫዋ ተንፍሳ አስወጣችው።

ኮልቢ ጊዜው መድረሱን በእጁ አሳያት። እሺ ብላ በእጇ መለሰች፤ ተነሳችም። ወደ በሩ ግን አልዞረችም። ዕድሜ ልኳን ከዚያ ወንበር ስትነሳ የሄደችው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ እግሯም ወደዚያው ወሰዳት። ወደ ኋላ። ወንበሩን ከላይ ዳሰሰች፤ ከሥሩ ዳሰሰች፤ ቀጠለች። ኮልቢን፣ ቃሏን፣ ውሃውንም ረስታዋለች። እሷ ባለፈች ቁጥር ደለሉ ተነስቶ አውቶቡሱ እንደ ወጥ ቤት ጭስ ታጠነ፤ የኮልቢ መብራትም ጠፋ። ኮልቢ ቁርጭምጭሚቷን ሊይዝ እጁን ሰዶ ሳታት። በኋላ እንደነገራት፣ የምትሠራው ምን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። ያን ሥራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በሕይወት የኖረው በእሱ ነው። በበሩ ወጥቶ በውጭ በኩል መስኮት በመስኮት አጠገቧ ዋኘ፤ በየመስኮቱ እጁን እያስገባ ክንዷን እየነካ፣ እንዳልተለያት እያሳወቃት። እሷ የእያንዳንዱን ወንበር ሥር ጨርሳ በተነቀለው የኋላ በር ወጣች። እዚያ ሲጠብቃት አየችና ያደረገችውን ያኔ አወቀች። ይቅርታ ለማለት ውሃ ውስጥ ምልክት የለም። እጁን ያዘችው።

ቀስ ብለው፣ በመካከል እየቆሙ ወጡ። ውሃውን ሰንጥቃ ስትወጣ አንድ ጥርሱ ወላቃ ዱባ አጠገቧ ተንሳፍፎ ይስቅባታል። ከዱባው ባሻገር፣ ውሃው ላይ በተዘረጋው የሳንቃ መሄጃ ጫፍ ላይ፣ መርል ቆሟል። ቁልፉ በእጁ ነው። አጠገቡ ኦፓል ቆማ በጣቷ ወደ ላቮን ትጠቁማለች።

ኦፓል በኋላ እንደነገረቻት፣ መርል ቀደም ብሎ ነበር የመጣው። ሚስቴ የት ናት ሲላት፣ ኦፓል ከላቮን ትንፋሽ ሽቅብ እየወጣ ውሃው ላይ የሚፈነዳውን አረፋ አሳየችው። አውቶቡሱ የት እንዳለ ከላይ ሆኖ ያውቀዋል። አረፋው ከሾፌሩ ወንበር አናት ላይ ቆሞ ሲቆይ እሱም ቆሞ ቆየ። ከዚያ አረፋው ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምር፣ እሱም በሳንቃው ላይ ከአረፋው ጋር እኩል፣ እርምጃ በእርምጃ ሄደ። ክሊት ባርኔጣውን አውልቆ ያየው ነበር፤ ቀብር ይመስል ነበር አለች ኦፓል፤ ቀብር የሚያስቅ ቢሆን ኖሮ።

ላቮን መሰላሉን ይዛ ወጣች። መርል ሲሊንደሩን ከጀርባዋ አወረደላት፤ እጁ የለመደው ሥራ ነው። ፊቱን ግን ወደ ሌላ አዙሯል።

“ወደ ኋላ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?”

“ማን ነገረህ?”

“አረፋሽ።” ማሰሪያውን ፈታ፤ የተፈታውን መልሶ አሰረ። ጆሮው ቀልቷል። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ውሃው... ጥሩ ነበር?” አላት።

ላቮን አየችው። አንድ የተሰረቀ ነገር ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ሕፃን እንዲህ ነበር የሚቆመው፤ ከፊት ወንበር ከመቀመጡ በፊት።

“እንደ መስታወት ነው። ከፊት እስከ ኋላ ወለል ብላ ትታያለች።”

ኮልቢ ሳል ያዘውና ዱባ ለመልቀም ዞረ።

“አምባዛውስ?” አለ መርል።

“መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ተነስ ብለው፣ ባልሽ ነው ያስቀመጠኝ አለኝ።”

መርል ዝም አለ። እንደ ሶፋው ዝምታ አይደለም ግን፤ ይኸኛው ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ነበረው። ፎጣውን አከናነባት፤ ጫፉን አገጯ ሥር አጠበቀው።

“ብሩሹ አልቋል” አለችው።

“መደርደሪያው ላይ አዲስ አለ።”

“እሱ የሳህን ነው።”

“ሁሉም የሳህን ነበሩ” አለ መርል።

ኦፓል ይህን ሰምታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ላቮን ዞር ብላ ዓይኗን ለማየት አፈረች፤ ያን ማታ ካርታ ሲጫወቱ ግን ኦፓል ስታጭበረብር እያየች እንዳላየች ሆነች፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት።

ከአየር መሙያው ጎጆ ሽርር የሚል ድምፅ መጣ። የካባው ባለቤት የጠላቂዎቹን ሲሊንደር እየተጣደፈ ይሞላል። መርል አንገቱን አቀና፤ ጆሮውን ሰጠ። እንዲህ አፍጥኖ ከሞላው ይግላል፣ ሲበርድ ደግሞ ጎዶሎ ይሆናል፣ ይህን ሰው ስንት ጊዜ ነው የምነግረው አለ ለራሱ። ወደ ጎጆው ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ቁልፉን ላቮን እጅ ላይ አስቀመጠ፤ የጎማ ልብሷ ኪስ ስለሌለው ጨብጣ ያዘችው።

“ሁለተኛ ስትገቢ እግርሽን አትወራጪ” አላት። “ተንሳፍፈሽ፣ ወንበሩን በጣትሽ ብቻ እየገፋሽ ነው የሚኬደው። ደለሉን ሁሉ አስነሥተሽ ልጁን አሳውረሽው ይሆናል።” ኮልቢ ከሩቅ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። መርል ሊሄድ ዞሮ እንደገና ቆመ። “ሁሉንም አየሽ? የኋለኛውን ረድፍም?”

“ሁሉንም። የቀረ ልጅ የለም።”

“ጎሽ” አለና ወደ ጎጆው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተረጋጋ፤ አየሩም በዝግታ መሞላት ጀመረ። ክሊት ዱባውን ከመንጠቆው ሊያላቅቅ ሲታገል ቀና አለ።

“ይኸው ማፏጨቱን ጀመረ” አለ ለኦፓል፣ ፊቱን አኮሳትሮ። “ዘንድሮም አሳ የለም ማለት ነው።”